የአዊ ዞን ጉብኝት (እንጅባራና ዳንግላ)

የአዊ ዞን ጉብኝት በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ የሚገኙትን ሐይቆች፣ ፏፏቴዎች፣ ከተሞች፣ ገበያዎችና በዓላት ለማየት የሚደረግ ጉዞ ነው። የጉዞው ዋና መነሻዎች የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ እና በስተሰሜኗ የምትገኘው ዳንግላ ናቸው። ሁለቱም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ይገኛሉ። ብዙ መንገደኞች ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ ሲሄዱ በዞኑ በኩል ያልፋሉ። ይሁን እንጂ የሚታዩት ነገሮች በሰፊ ቦታ የተበተኑ ስለሆኑ ያለ እቅድ የመጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪና መስኮት ከሚያየው በላይ ሳያይ ያልፋል።

አጠቃላይ ሁኔታ

አዊ ዞን በምዕራብ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን፣ በምሥራቅ ከምዕራብ ጎጃም፣ በሰሜን ደግሞ ከጎንደር አካባቢ ጋር ይዋሰናል። ስሙን ያገኘው ከአገው ሕዝብ አንዱ ክፍል ከሆነው ከአዊ ሕዝብ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የዞኑ ሕዝብ ብዛት 982,942 ነበር። አብዛኛው ነዋሪ የሚተዳደረው በእርሻና በከብት ርባታ ሲሆን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሃይማኖት ተከታይ ነው።

በዞኑ አዊኛ (አውንጊ) እና አማርኛ ይነገራሉ። አዊኛ ከኩሽ ቋንቋዎች የአገው ቅርንጫፍ ሲሆን ከዋግ ኽምጣኛ፣ በጎንደር አካባቢ ከሚነገረው ቅማንትኛ እና ከኤርትራው ብሌንኛ ጋር ይዛመዳል። ቋንቋው የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ይማሩበታል። በከተሞች ሁሉ አማርኛ ስለሚነገር የአዊኛ ተናጋሪ ያልሆነ ጎብኚ የመግባባት ችግር አይገጥመውም።

በአፈ ታሪክ መሠረት የአካባቢው አገዎች የሰባት ወንድማማቾች ዘሮች ናቸው። «ሰባት ቤት አገው» የሚለው መጠሪያም ከዚሁ የመጣ ነው። ሰባቱ ቤቶች አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከል እና ዚገም ይባላሉ። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ ዛሬም የወረዳና የከተማ ስሞች ሆነው ስለሚያገለግሉ ጎብኚው ካርታውን ሲያይ ያገኛቸዋል።

የአካባቢው አቀማመጥ

የጉዞ እቅድ አስቸጋሪነት የሚመጣው ከዞኑ ቅርጽ ነው። የሚጎበኙት ቦታዎች በአንድ ከተማ ዙሪያ አልተሰበሰቡም። በሦስት አቅጣጫ ተዘርግተዋል፤ ሦስቱም አቅጣጫዎች የሚገናኙት እንጅባራ ላይ ነው።

የደቡብ መስመር፦ ከእንጅባራ በከሳ በኩል ወደ ጥሊሊ እና ከዞኑ ወጥቶ ወደ ቡሬ የሚሄደው ነው። የዘንገና ሐይቅ በዚህ መስመር ላይ ይገኛል። ወደ ግሽ ዓባይ የሚወስደው መንገድም ከጥሊሊ ይገነጠላል።

የሰሜን መስመር፦ ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ፣ ከዚያም በዱርቤቴና በመራዊ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ነው። የዲከረንስ ደኖችና የከሰል ንግድ የሚታዩት በዚህ መስመር ነው።

የምዕራብ መስመር፦ ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ቁልቁል የሚወርደው ሲሆን ከዚያ ወደ መተከል ያልፋል። ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚሄደው መንገድ አንዱ ይኸው ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

በአንድ ቀን ከአንድ መስመር በላይ ለመሸፈን መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው። በካርታ ላይ አጭር የሚመስል ርቀት ከአስፋልት ወጥቶ በጠጠር ወይም በአፈር መንገድ ሲሆን የግማሽ ቀን ጉዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እቅድ የሚጀመረው «ምን አለ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ስንት ቀን አለ? የትኛው መስመር ይበቃል?» ከሚለው ነው።

መድረሻ መንገዶች

በየብስ ከአዲስ አበባ፦ እንጅባራ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ በፍቼ፣ በጎሐ ጽዮን፣ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያልፋል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይ ሸለቆ ይገኛል። በሸለቆው ግርጌ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ አለ። የሸለቆው መውረጃና መውጫ ጠመዝማዛና ዳገታማ ስለሆነ የጭነት መኪናዎች በዝግታ ይጓዙበታል፤ የጉዞውን ሰዓት የሚያራዝመውም በዋናነት ይህ ነው። በመሆኑም ጉዞው ሙሉ ቀን እንደሚወስድ ታስቦ ንጋት ላይ መነሳት የተለመደ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሞጣ በኩል የሚሄደው ሌላው መንገድ አጠር ያለ ቢሆንም በአዊ ዞን አያልፍም። ስለዚህ ትኬት ሲቆረጥ አውቶቡሱ በየትኛው በኩል እንደሚሄድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአየር፦ በዞኑ የመንገደኞች አውሮፕላን የሚያርፍበት ከተማ የለም። ቅርቡ የባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከባሕር ዳር ዳንግላ ወደ 80 ኪሎ ሜትር፣ እንጅባራ ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ጊዜ ያጠረው ጎብኚ ወደ ባሕር ዳር በአየር መጥቶ ወደ ደቡብ በመኪና መውረድ ይመርጣል።

ከባሕር ዳር በመኪና፦ ከባሕር ዳር መናኸሪያ ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ የሚሄዱ ሚኒባሶች ሲሞሉ ይነሳሉ። የመጨረሻው መኪና ከመሸ በኋላ ስለማይገኝ ደርሶ መልስ የሚያስብ መንገደኛ የመመለሻውን ሰዓት ጠዋት ላይ መናኸሪያው ውስጥ ያጣራል።

የጉብኝት ወቅት

የዞኑ ደጋ ክፍል ብርዳማና ዝናባማ ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,560 ሜትር፣ ዳንግላ ወደ 2,140 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ዝናቡ በግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል።

ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ ዝናቡ ሲያባራ መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ አደይ አበባና የሰብል አበባ ይታያል፤ ፏፏቴዎችም ውኃ ይሞላቸዋል። መስከረም ውስጥ ግን ከአስፋልት ውጪ ያሉ መንገዶች ገና ጭቃ ሊሆኑ ይችላሉ። ተፈጥሮን ለማየት የሚመጣ ሰው ጥቅምትንና ኅዳርን ቢመርጥ መንገዱም ውኃውም ይመቹታል።

ታኅሣሥና ጥር፦ ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ሌሊቱና ማለዳው ግን በእንጅባራ ዙሪያ እጅግ ይቀዘቅዛል። ወፍራም ልብስ ሳይዙ መምጣት አይመከርም። ጥር የበዓላት ወር በመሆኑ ለባህል ጉብኝት ዋናው ጊዜ ነው።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፦ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ነገር ግን የፏፏቴዎች ውኃ ይቀንሳል፤ ሜዳውም ይደርቃል። የዘንገና ሐይቅን ለማየት ወቅቱ አይከለክልም።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል

በዞኑ ትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ እንደተቋቋመ ይነገራል። በወር 23ኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው፤ የዓድዋ ድል የተገኘውም በየካቲት 23 ነው።

በዕለቱ ከየወረዳው የመጡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በጌጠኛ ኮርቻና በልዩ ልዩ ቀለማት አስጊጠው ወደ ሜዳው ይገባሉ። ሽምጥ ግልቢያ፣ ጉግስና ሌሎች የፈረስ ትርኢቶች ይካሄዳሉ። ማኅበሩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። ሥራው በበዓል ቀን ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ አባል ሲሞት በፈረስ ወጥተው ለቅሶውን ያደምቃሉ፤ የተጣሉትን ያስታርቃሉ። ስለዚህ ትርኢቱ ለጎብኚ ብሎ የተዘጋጀ ሳይሆን የኖረ የመረዳዳት ሥርዓት አንድ ገጽታ ነው። በዓሉን በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ለማስመዝገብም ጥረት ሲደረግ ቆይቷል።

በዓሉን ለማየት ለሚያቅድ ሰው የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

ጥር 23 በአብዛኛው ከጃንዋሪ 31 ጋር ይገጥማል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ፌብሩዋሪ 1 ይውላል፤ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር። ከውጭ አገር የአውሮፕላን ትኬት የሚገዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ጥምቀት ጥር 11 ቀን ስለሚከበር በሁለቱ በዓላት መካከል 12 ቀናት አሉ። በጎንደር ጥምቀትን አክብሮ፣ በባሕር ዳርና በጣና ገዳማት ቆይቶ፣ ለጥር 23 እንጅባራ መድረስ ይቻላል።

ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን በፊት ስለማይገባ በዓሉ ሁልጊዜ ከዐቢይ ጾም በፊት ነው። ሆኖም ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ በየምግብ ቤቱ የጾም ምግብ ይበዛል።

በበዓሉ ሰሞን በእንጅባራ መኝታ ይጠባል። ቀደም ብሎ መያዝ ካልተቻለ በዳንግላ አድሮ ማለዳ ወደ እንጅባራ መምጣት ሌላው አማራጭ ነው።

በሜዳው ላይ ፈረሶች በሙሉ ፍጥነት ስለሚሮጡ ከተመልካቾች መስመር ወጥቶ ፎቶ ማንሳት ለጎብኚውም ለፈረሰኛውም አደገኛ ነው።

መነሻ ከተሞች

እንጅባራ

እንጅባራ ኮሶበር በሚል ስምም ትታወቃለች። የባንጃ ወረዳ አካል ሆና የኖረች ሲሆን አሁን የዞኑ አስተዳደር መቀመጫ ናት። ሦስቱም መስመሮች የሚገናኙባት በመሆኗ ለሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ጎብኚ ተስማሚ ማደሪያ ናት። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ይገኛል። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያም እዚሁ ስለሆነ ስለ መንገድ፣ ስለ አስጎብኚና ስለ መግቢያ ክፍያ ወቅታዊ መረጃ ለማግኘት የመጀመሪያው መጠየቂያ ይኸው ነው።

እንጅባራ በደጋ ቀርከሃ ሥራዋ የታወቀች ናት። በመንገድ ዳር ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ መደርደሪያና ቅርጫት ተሠርቶ ይሸጣል። ባለሙያዎቹ ቀርከሃውን ሲሰነጥቁና ሲያገጣጥሙ ቆሞ ማየት ይቻላል። ዕቃው ቀላል ቢሆንም ቦታ ስለሚይዝ በሕዝብ መኪና የሚጓዝ ሰው ከመግዛቱ በፊት የጭነቱን ነገር ማሰብ አለበት።

ዳንግላ

ዳንግላ ከእንጅባራ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዞኑ ነባር ከተሞች አንዷ ስትሆን ገበያዋ በዙሪያዋ ካሉ ገጠሮች እህል፣ ማር፣ ቅቤና ከብት የሚሰበሰብበት ነው። አየሯ ከእንጅባራ ሞቅ ይላል። ለባሕር ዳር ስለምትቀርብ የአንድ ቀን ጉብኝት ብቻ ላለው ሰው የተሻለች መነሻ ናት።

ዳንግላ በውጭ አገር የጉዞ ጽሑፎችም ስሟ ተጠቅሷል። ሮበርት ቺዝማን የተባለው የብሪታኒያ ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን በዚህች ከተማ አድርጎ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የጣና ሐይቅን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ መርምሯል፤ ስለዚሁም እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ዳንግላና እንጅባራ የጦር ሰፈር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1941 መጀመሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገብተው አርበኞችና በዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦር ወደ ጎጃም ሲገፉ የጣሊያን ጦር ሁለቱን ከተሞች ለቆ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ቡሬ አፈገፈገ። ይህን ታሪክ የሚከታተል ጎብኚ ከዳንግላ እስከ ቡሬ ያለውን አስፋልት የዘመቻው መስመር አድርጎ ሊጓዝበት ይችላል።

ቻግኒ

ቻግኒ የጓንጓ ወረዳ ከተማ ስትሆን በምዕራብ መስመር ላይ ትገኛለች። ከደጋው ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ላይ ስላለች ከእንጅባራ ይልቅ ሞቃት ናት። ወደ መተከል የሚሄዱ መንገደኞች የሚያርፉባት ከተማ ነች።

የጉብኝት ቦታዎች

የዘንገና ሐይቅ

ዘንገና በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ሐይቅ ነው። በከሳና በእንጅባራ መካከል ከዋናው አስፋልት 200 ሜትር ያህል ገባ ብሎ ይገኛል። ቅርጹ ክብ ሲሆን የዲያሜትሩ ርዝመት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ ተመዝግቧል። ዙሪያውን ደን ስላለበት ወፎችና ጦጣዎች ይታያሉ።

ሐይቁ ለመንገዱ እጅግ ቅርብ በመሆኑ በዞኑ በቀላሉ የሚጎበኝ ቦታ ነው፤ ነገር ግን ከመንገድ ላይ ስለማይታይ የማያውቅ መንገደኛ ሳያየው ያልፋል። በሕዝብ መኪና የሚሄድ ሰው ለረዳቱ «ዘንገና ወራጅ አለ» ብሎ ቀድሞ መናገር ይኖርበታል። የሐይቁን አፋፍ ተከትሎ ዙሪያውን መራመድ ይቻላል። የጉድጓዱ ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ ውኃው ከዳር ጥቂት እንደተገባ ይጠልቃል፤ በዚህ ምክንያት መዋኘት አደገኛ ነው። ከልጆች ጋር የሚመጡ ቤተሰቦች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

የጥርባ ሐይቅ

ጥርባ በዞኑ የሚገኝ ሌላው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ነው። ከዋናው አስፋልት ራቅ ስለሚል ጎብኚው ከዘንገና ያነሰ ነው። ጸጥታ ለሚወድና በእግር መጓዝ ለማይከብደው ሰው የሚመከር ሲሆን የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ መሄድ ይሻላል።

ፏፏቴዎች

የዞኑ ደጋ ከብዙ ምንጮችና ወንዞች የተነሳ ውኃ የበዛበት ነው። ከፏፏቴዎቹ ዶንዶርና ፋንግ ይታወቃሉ። ሁለቱም ከአስፋልት ውጪ ስለሆኑ ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ ግማሽ ቀን መመደብ ያስፈልጋል። በክረምት ውኃቸው ቢበዛም መዳረሻቸው ይከብዳል፤ በበጋ መጨረሻ ደግሞ መንገዱ ቀላል ሆኖ ውኃው ያንሳል። ጥቅምት ለሁለቱም የሚመጥን ጊዜ ነው።

ግሽ ዓባይ

ግሽ ዓባይ የሚገኘው በአዊ ዞን ሳይሆን በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ ነው። ሆኖም መንገዱ ከጥሊሊ ስለሚገነጠል ከእንጅባራ ተነስቶ መጎብኘት ይቻላል። ምንጩ ጣና ሐይቅ ከሚገባው የግልገል ዓባይ ወንዝ መነሻ ሲሆን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ቅዱስ ጠበል ነው። ፖርቱጋላውያንን ያገለግል የነበረው ስፔናዊ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1770 ቦታውን አይተዋል። ለጠበል የሚመጣ ምእመን በጾም፣ በማለዳ ስለሚመጣ ጎብኚም የቦታውን ሥርዓት ማክበር ይጠበቅበታል። በምንጩ ዙሪያ ጫማ ማውለቅና ፎቶ ከማንሳት በፊት ካህናቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዲከረንስ ደንና የከሰል ንግድ

በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ባለው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ደን የተፈጥሮ ደን አይደለም። ገበሬዎች በማሳቸው ላይ የሚያለሙት ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት ነው። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ምርት ሲያንስ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከእህል ጋር ችግኙን ይተክላል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ዛፉ ለአፈሩ ናይትሮጅን ስለሚጨምር ቀጥሎ የሚዘራው እህል ይሻሻላል። በመንገድ ዳር ተደርድረው የሚታዩት የከሰል ጆንያዎች ወደ ትላልቅ ከተሞች የሚጫኑ ናቸው። በቅርብ ዓመታት የተከሰተው የዛፍ በሽታ በዚህ ኑሮ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል፤ ጎብኚው የደረቁ ተክሎችን ሊያይ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጉዞ ቅንብር

የሚከተሉት ቅንብሮች በቀኑ ብዛት የተከፈሉ ናቸው። መነሻቸው መንገዱ ክፍት መሆኑ ነው።

አንድ ቀን (ከባሕር ዳር ደርሶ መልስ)፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መነሳት፤ ቁርስ በዳንግላ፤ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ እንጅባራ፤ የቀርከሃ ሥራ ማየትና ምሳ፤ ከሰዓት በኋላ ዘንገና፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የመልስ ጉዞ መጀመር። ርቀቱ ደርሶ መልስ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፏፏቴ ወይም ግሽ ዓባይ በዚህ ቀን ላይ መጨመር አይቻልም።

ሁለት ቀን፦ የመጀመሪያው ቀን ከላይ እንደተገለጸው ሆኖ አዳር በእንጅባራ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ወደ ጥሊሊና ግሽ ዓባይ ሄዶ ከሰዓት በኋላ መመለስ፤ ወይም በግሽ ዓባይ ፈንታ አንድ ፏፏቴ መርጦ ማየት።

ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ፦ ሦስተኛው ቀን ለምዕራብ መስመር ይሰጣል። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ወርዶ የደጋውንና የቆላውን ለውጥ ማየት፤ ወይም ወደ ጥርባ በእግር መጓዝ።

በመንገድ የሚያልፍ ሰው፦ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በራሱ መኪና የሚጓዝ ሰው ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ቢያድር ረጅሙን መንገድ ለሁለት ይከፍላል፤ በማግሥቱ ጠዋት ዘንገናንና ዳንግላን አይቶ ከምሳ በፊት ባሕር ዳር ይደርሳል።

መጓጓዣ፣ መኝታና ምግብ

በከተሞቹ ውስጥ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ አገልግሎት ይሰጣሉ። በከተሞች መካከል ሚኒባስ ይሄዳል። ወደ ገጠር ቦታዎች ግን የሕዝብ መኪና በገበያ ቀን ካልሆነ እምብዛም ስለማይገኝ ባጃጅ ወይም መኪና በኮንትራት መያዝ ያስፈልጋል። ዋጋው ከመነሳት በፊት ደርሶ መልሱን፣ የመቆያውን ሰዓትም ጨምሮ መነጋገር ክርክርን ያስቀራል።

በእንጅባራ፣ በዳንግላና በቻግኒ መካከለኛና አነስተኛ ሆቴሎች አሉ። መብራትና ውኃ ሊቋረጥ ስለሚችል የእጅ ባትሪና የተሞላ የስልክ ቻርጅ መያዝ ይጠቅማል። አካባቢው ድንች፣ ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ ያመርታል፤ ማርና ቅቤውም ይታወቃል። በየምግብ ቤቱ ሽሮ፣ ጥብስና በያይነቱ ይገኛል። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት የሥጋና የወተት ምግብ በብዙ ቦታ አይዘጋጅም። በከተሞቹ ባንኮች ቢኖሩም በገጠር ገበያ የሚሠራው ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ዝርዝር ብር መያዝ ያስፈልጋል።

ጤና

በእንጅባራ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በዳንግላም ሆስፒታል አለ። ከአቅም በላይ የሆነ ሕክምና ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ደጋው ከወባ በአብዛኛው ነጻ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ባሉት የጓንጓና የጃዊ ቆላዎች ግን ወባ ስላለ በምዕራብ መስመር የሚያድር ሰው አጎበር መጠቀም አለበት። ከቆላ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከታየ ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል።

ጸጥታ

በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዝሟል። በዚህ ጊዜ የመንገድ መዘጋትና የኢንተርኔት መቋረጥ የአዊ ዞንን ጉዞ ነክቷል። በአጎራባቹ መተከልም ከዚያ በፊት ጀምሮ ግጭቶች ተከስተዋል። ስለዚህ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከመነሳቱ አስቀድሞ በመንገዱ ላይ ካሉ ዘመዶች፣ ሾፌሮችና ከዞኑ ቢሮዎች የዕለቱን ሁኔታ ይጠይቃል፤ መታወቂያ ይይዛል፤ ከመምሸቱ በፊት ያሰበበት ከተማ ይገባል፤ እቅዱንም ሲያስፈልግ ለመሰረዝ ዝግጁ ይሆናል። መንገድ ተዘግቷል ከተባለ አቋራጭ መፈለግ አደገኛ ነው።

ባህላዊ ሥነ ሥርዓት

ሰላምታ ከጥያቄ ይቀድማል። ታላላቆችን አንቱ ማለት፣ አባት ወይም እናት በሚሆን ሰው ፊት ብድግ ማለት የተለመደ ነው። ለቅሶ ላይ ያሉ ፈረሰኞች ከሩቅ በዓል ሊመስሉ ስለሚችሉ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ካሜራ ማውጣት ነውር ነው። ሰዎችን ወይም ፈረሶቻቸውን ለማንሳት ፈቃድ መጠየቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነጠላ መልበስና ጫማ ማውለቅ ይጠበቃል።

ጠቀሜታው

የአዊ ዞን ለረጅም ጊዜ የመተላለፊያ ቦታ ሆኖ ኖሯል። በአስፋልቱ ላይ የሚያልፈው መንገደኛ ብዙ ቢሆንም ገንዘቡን የሚያወጣው በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ነው። አንድ ሌሊት አዳር በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ለቀርከሃ ሠሪው፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ለአስጎብኚው ወጣትና ለምግብ ቤቷ ባለቤት በቀጥታ ይደርሳል። በተለይ የከሰል ዛፍ በበሽታ በተጎዳበት ወቅት ሌላ የገቢ ምንጭ መኖሩ ለአካባቢው ትርጉም አለው። በሌላ በኩል የዘንገና ዓይነት ትንሽ ሐይቅ በዙሪያው ያለው ደን ከተራቆተና ቆሻሻ ከተጣለበት በቀላሉ ስለሚጎዳ የጎብኚ ብዛት ከጥበቃ ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

ደግሞ ይዩ

አዊ ዞን
እንጅባራ
ዳንግላ
የዘንገና ሐይቅ
አገው
ግሽ ዓባይ
ባሕር ዳር